ስለ ኮምፒውተር ራም የፍጥነት ልክ፤ የሚታወክም ኮምፒውተር ፍጥነቱን በመቀነስ እንዴት እንደሚጸና

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የተባለው ምሳሌ ለሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው በእጁ ለሠራው መሣሪያም ይስማማል። ኮምፒውተር ከልኩ በላይ እንዲፈጥን ሲደረግ ሥራውን ያፈስሳል፤ ያፈሰሰውንም መልሶ መልቀም የማይቻልበት ጊዜ አለ። የዚህ ትምህርት ዓላማ፥ በትምህርት ቤት ያለ ኮምፒውተር ሳይታሰብ እየጠፋ፥ ጽሕፈትም እያበላሸ ሲያስቸግር፥ መምህሩ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ምን ማድረግ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

ባሕር ዳር አባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ በ1964 ዓ.ም. የጢስ አባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተባብረው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ስለዚህ የኤሌክትሪክና የእጅ ጥበብ ትምህርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ዛሬ በከተማይቱም ሆነ በጣና ዳር ባሉት አገሮች የተማሪዎችን መዝገብ በኮምፒውተር የሚይዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከኮምፒውተሮቹም አንዳንዶቹ በሌላ ቦታ ብዙ ዘመን ካገለገሉ በኋላ የመጡ፥ ክፍላቸውም ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተገጠመ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ጠባዩን የሚያውቅለት ሰው ይሻል።

1ኛ. ራም ምን እንደ ሆነ

ኮምፒውተር ነገርን የሚይዝበት ሁለት ስፍራ አለው። አንደኛው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ይህም እንደ መጽሐፍ ነውና መብራት ቢጠፋ የተጻፈበትን አይረሳም። ሁለተኛው ራም ነው፤ ይህም በቃሉ እንደሚያጠና ተማሪ ልቡና ነው። ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ሁሉ በራም ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉን ይረሳል። መምህሩ የተማሪዎችን ነጥብ ሲጽፍ ጽሕፈቱ አስቀድሞ የሚያርፈው በራም ላይ ነው፤ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለበጠው እንዲቀመጥ ሲታዘዝ ነው። እንግዲህ በራም የተሳሳተው ነገር በሃርድ ዲስክም ተሳስቶ ይጻፋል ማለት ነው።

ራም በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች አሉት። ማጠራቀሚያው ሙሉ ሲሆን 1፥ ባዶ ሲሆን 0 ተብሎ ይነበባል፤ ወይም እንደ አሠራሩ በተገላቢጦሽ ይሆናል። 8 ጊጋባይት የሚባለው ራም ከ68 ሺህ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ማጠራቀሚያዎችን ይዟል። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ማጠራቀሚያና አንድ ትራንዚስተር ብቻ የሚበቃበትን ይህን ጥበብ ያወጣው ሮበርት ዴናርድ የሚባል የአይቢኤም ኩባንያ መሐንዲስ ነው፤ የፈጠራ መብቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ተሰጠ።

እነዚህ ማጠራቀሚያዎች እንደሚያንጠባጥብ ቅል ናቸው። የያዙት ኤሌክትሪክ በጥቂት ጊዜ ፈስሶ ያልቃል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሁሉንም እየዞረ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ እንደ ገና ይሞላቸዋል። ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ጊዜውን በልክ ካላገኘ መሳሳቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

2ኛ. የፍጥነት ልክ ምን እንደ ሆነ

በማሕሌት ከበሮው ሲመታ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከእርሱ ጋር አብረው ይወርዳሉ። ከበሮው ከልክ በላይ የፈጠነ እንደ ሆነ የለመዱት ይከተላሉ፥ ያልለመዱት ግን ይደናበራሉ፤ ሥርዓቱም ይፈርሳል። ኮምፒውተርም እንደዚሁ የሚመታ ከበሮ አለው። ዲዲአር 4 ከሚባለው ወገን የሆነና 3200 የሚል የተጻፈበት ራም ከበሮው በአንድ ሴኮንድ 1,600 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በእያንዳንዱም ምት ሁለት ጊዜ ነገር ያስተላልፋል። 3200 የተባለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ የመቆያ ልክ አለ። ኮምፒውተሩ «ይህን አምጣ» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ራሙ ወዲያው አይመልስም፤ የተወሰነ ምት ያህል ይቆያል። ሲኤል 16 የሚል ከተጻፈበት 16 ምት ይቆያል ማለት ነው፤ ይህም በ3200 ፍጥነት ሲቆጠር የአንድ ሴኮንድ መቶ ሚሊዮንኛ እጅ ነው። የመቆያው ልክ ከተገባው በላይ ቢያጥር፥ ማጠራቀሚያው ተነብቦ ሳያልቅ መልስ ይወሰድበታል፤ መልሱም የተሳሳተ ይሆናል።

ይህን ልክ የሚወስን ጄዴክ የሚባል ማኅበር አለ። ማኅበሩ ለዲዲአር 4 ከወሰናቸው ፍጥነቶች የታወቁት 2133፥ 2400፥ 2666፥ 2933 እና 3200 ናቸው፤ የኤሌክትሪኩም ልክ 1.2 ቮልት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ዲዲአር 3 ግን ብዙ ጊዜ በ1333 ወይም በ1600 ፍጥነት፥ በ1.5 ቮልት ይሠራል። የሁለቱ ወገኖች ጥርስ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በግድ ለማስገባት መሞከርም መስበር ነው።

በራሙ ሰሌዳ ላይ ልኩ የተጻፈበት አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ አስቀድሞ እርስዋን ያነባል። አንዳንድ ሠሪዎች ግን ከተወሰነው ልክ የሚበልጥ ሌላ ፍጥነት ጨምረው ይጽፉባታል፤ ይህም ኤክስኤምፒ ይባላል፤ ብዙ ጊዜም 1.35 ቮልት ይፈልጋል። ይህን ሁለተኛ ልክ ኮምፒውተሩ በገዛ ራሱ አይወስደውም፤ ሰው ገብቶ ሲያዝዘው ነው እንጂ።

3ኛ. ኮምፒውተሩ ስለ ምን ይታወካል

የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ያስተውላል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ጧት ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ከልኩ በላይ የተጫነው ታንኳ እንኳ ይደርሳል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ግን ያው ታንኳ ይገለበጣል። ስሕተቱ የነፋሱ አይደለም፥ ለነፋሱ የሚሆን ትርፍ ያላስቀረው ጫኝ ነው። ከልኩ በላይ የፈጠነ ራምም በጧት ብርድ ደኅና ይሠራል፤ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ክፍሉ ሲሞቅ ግን ይሳሳታል። መምህሩም «ትናንት ደኅና ነበረ» እያለ ይደነግጣል።

የመታወኩ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ ኤክስኤምፒ ተከፍቶ ፍጥነቱ ዋናው የማሰቢያ ክፍል ከሚችለው በላይ መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፥ የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች አብረው መገጠማቸው ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ ሲተው በዝግተኛው ልክ ሁሉንም ያስኬዳል፤ ሰው በእጁ ፈጣኑን ልክ ካዘዘ ግን ዝግተኛው መከተል አይችልም። አራት ራም መግጠምም ሁለት ከመግጠም ይልቅ ያስቸግራል።

ሦስተኛ፥ ሙቀት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በስድስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን አጥቦ የመውሰድ ኃይሉ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር እንኳ የሚያቀዘቅዘው በጥቂቱ ነው። አቧራ ሲጨመርበትማ ይብስበታል።

አራተኛ፥ የራሙ ጥርስ በአቧራ መሸፈኑ ወይም በማስገቢያው አለመጥበቁ ነው።

አምስተኛ፥ የኤሌክትሪኩ ኃይል ከፍና ዝቅ ማለት፥ ወይም የኮምፒውተሩ የኃይል ሳጥን ማርጀት ነው።

4ኛ. የሚያመጣው ጉዳት

የሚታየው ምልክት ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ በድንገት ይጠፋና እንደ ገና ይነሣል፤ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ ደርቆ ይቀራል፤ ደኅና የነበረውን ጽሕፈት «ተበላሽቷል» ብሎ አልከፍትም ይላል። ይህ ሁሉ ያበሳጫል እንጂ እጅግ አያስፈራም፤ ያየው ሰው ይጠነቀቃልና። የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው።

ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ1 እና በ0 ነው፤ እያንዳንዱም ስፍራ ከቀጠለው እጥፍ ይሆናል። የአንዲት ተማሪ ነጥብ 85 ቢሆን 64፥ 16፥ 4 እና 1 ተደምረው ይጻፋሉ። በራሙ ስሕተት የ64 ስፍራ ከ1 ወደ 0 ቢለወጥ የቀረው 21 ብቻ ነው። ያለፈች ተማሪ ወደቀች ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም አንዳች ምልክት አልሰጠም። በፊደልም እንዲሁ ነው። የግእዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። «ላ» እና «ሉ» በቁጥራቸው የሚለያዩት በአንዲት ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፥ አንዲት 1 ወደ 0 ብትለወጥ «በላ» ያለው «በሉ» ይሆናል፤ አንድ ሰው የሠራው ለብዙዎች ይቆጠራል።

እንዲህ ያለው ነገር በውጭ አገር ታይቷል። በቤልጅግ አገር ስካርቤክ በምትባል ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በተደረገ ምርጫ አንድ ተመራጭ ሊያገኝ ከሚችለው በላይ 4,096 ድምፅ ተጨምሮለት ተገኘ። 4,096 በኮምፒውተር አጻጻፍ የአንዲት ስፍራ ዋጋ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መርማሪዎቹ በራሙ ውስጥ አንዲት ስፍራ ከ0 ወደ 1 ተለውጣለች ብለው ገመቱ። ስሕተቱ የታወቀው ድምፁ ከሚቻለው በላይ ስለ ነበረ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ማን ያስተውለው ነበር?

በጣና ደሴቶች ባሉ ገዳማት ቁም ጸሐፊ በብራና የገለበጠው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳክሮ ይታረማል። ለትልልቅ ሥራ የሚሠሩ ኮምፒውተሮችም እንዲህ ያለ አራሚ አላቸው፤ ራማቸው በየ64ቱ ቁጥር 8 የማረሚያ ቁጥር ይጨምራል፤ ይህም ኢሲሲ ይባላል። በትምህርት ቤት የሚገኘው ተራ ኮምፒውተር ግን ብዙ ጊዜ ይህ አራሚ የለውም። ስለዚህ የማረሙ ሥራ የመምህሩ ነው።

5ኛ. የማስተካከል ሥርዓት

መምህሩ እነዚህን በተራቸው ይፈጽም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለውጥ፤ የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅምና።

ሀ. አስቀድሞ መዝገቡን ሁሉ በፍላሽ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ይገልብጥ። የታመመ ኮምፒውተር ሳይገለበጥለት አይነካም።

ለ. ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀል። የሳጥኑን ብረት በእጁ ይንካ፤ በሰውነቱ ያለው ኤሌክትሪክ ራሙን እንዳይጎዳው ነው። አቧራውን ይጥረግ፤ ራሙን አውጥቶ ጥርሱን በንጹሕና በደረቅ ጨርቅ ይወልውል፤ መልሶም ሁለቱ መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ያግባው። ብዙ ጊዜ በሽታው በዚህ ይለቅቃል።

ሐ. ራሙን ይመርምር። ሜምቴስት 86 የሚባለው መመርመሪያ በፍላሽ ተጭኖ ይነሣል፤ ዊንዶውስም የራሱ የራም መመርመሪያ አለው። ምርመራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ቢያንስ አራት ዙር እስኪፈጽም ይታገሡት። መልካሙ ምርመራ በቀትር ሙቀት የተደረገው ነው። አንድ ስሕተት እንኳ ቢገኝ «ጥቂት ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ደኅና ራም አንድም ስሕተት አያሳይም።

መ. ስሕተት ከተገኘ ወደ ባዮስ ይግባ። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የማዘዣ ሰሌዳ ነው፤ እንደ በራ ወዲያው «ዲሊት» ወይም «ኤፍ 2» የሚለው ቁልፍ ሲደጋገም ይከፈታል፤ በአንዳንዱ «ኤፍ 10» ነው። በዚያ የተጻፈውን የራም ፍጥነት፥ የመቆያ ልክና ቮልት በወረቀት ይጻፍ። ኤክስኤምፒ ተከፍቶ ካገኘው ይዝጋው፤ ፍጥነቱንም «አውቶ» በሚለው ላይ ያድርገው። አስቀምጦ ይውጣ፤ እንደ ገናም ይመርምር።

ሠ. አሁንም ስሕተት ካለ ፍጥነቱን በእጁ አንድ ደረጃ ይቀንስ፤ ከ3200 ወደ 2933፥ ከዚያ ወደ 2666፥ ከዚያ ወደ 2400 ይውረድ። በየደረጃው ይመርምር፤ ስሕተት በጠፋበት ይቁም። ቮልቱን ከፍ በማድረግ ፍጥነቱን ለማጽናት አይሞክር፤ ይህ ሙቀትን ይጨምራል፥ ክፍሉንም ሊያቃጥል ይችላል።

ረ. በዝቅተኛው ፍጥነትም ስሕተት ካለ ራሞቹን አንድ በአንድ እያስገባ ይመርምር። አንዱ ራም በየትኛውም ማስገቢያ ቢሳሳት ራሙ ተበላሽቷል፤ ሁሉም ራሞች በአንዱ ማስገቢያ ብቻ ቢሳሳቱ ማስገቢያው ተበላሽቷል። ራሙ ሁሉ ደኅና ሆኖ መታወኩ ካልቀረ፥ ነገሩ ከኃይል ሳጥኑ፥ ከሃርድ ዲስኩ ወይም ከማራገቢያው ይሆናልና ባለሙያ ይጠራ።

ሰ. ልኩን ከለወጠ በኋላ ስክሪኑ ጨርሶ ባይበራ አይደንግጥ። ገመዱን ነቅሎ፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የ3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ ይመልሳት። ባዮሱ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ቀኑንና ሰዓቱን ያስተካክል።

አንድ ነገር ይታወቅ። ለቢሮ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችና ላፕቶፖች ፍጥነቱን በእጅ የሚለውጡበት ስፍራ በባዮሳቸው የላቸውም፤ ልኩን ራሳቸው ይወስናሉ። ለእነርሱ መድኃኒቱ ማጽዳትና አንድ ዓይነት የሆኑ ራሞችን መግጠም ነው።

6ኛ. ፍጥነት ሲቀነስ የሚጠፋው ምንድን ነው

ብዙ ሰው «ፍጥነቱ ከተቀነሰ ኮምፒውተሩ ምን ይረባል?» ይላል። ይህን በሒሳብ ማየት መልካም ነው። የ3200 ራም በአንድ ሴኮንድ እስከ 25,600 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ የ2666 ራም ግን 21,300 ሜጋባይት ያህል። የተቀነሰው ስድስተኛ እጅ ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ከ200 ሜጋባይት የማያልፍ ስለ ሆነ፥ ፍጥነቱ የተቀነሰው ራም እንኳ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። መዝገብ የሚጽፍ መምህር፥ ፊደል የሚለቅም ተማሪ ይህን ልዩነት አያውቀውም። የጠፋውን መዝገብ ግን ያውቀዋል።

7ኛ. ምሳሌ

በጣና ዳር አንድ ትምህርት ቤት አለ ተብሎ ይታሰብ። ኮምፒውተሩ 2666 የሚል አንድ ራም ነበረው። አንድ ሰው 3200 የሚል ሌላ ራም ጨምሮ፥ ፍጥነቱንም በእጁ 3200 አደረገው። በጥቅምት ደኅና ሠራ። በግንቦት የፈተና ነጥብ ሲጻፍ ግን በየቀኑ ይጠፋ ጀመር። የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስቦ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከእያንዳንዱ ቤት መዋጮ ይውጣ አለ። አንድ ሽማግሌ ግን «ከመግዛታችን አስቀድሞ ይህ እንዴት እንደ ታመመ ይጠየቅ» አሉ። መምህሩ መዝገቡን ገልብጦ መረመረው፤ ስሕተት አገኘ፤ ፍጥነቱን 2666 አደረገው፤ አራት ዙር ቢመረምረው ስሕተት ጠፋ። ሥራው ግን በዚህ አላለቀም። በታመመ ጊዜ የተጻፈውን ነጥብ ሁሉ ከተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ፍጥነቱን መቀነስ የሚመጣውን ስሕተት ይከለክላል እንጂ ያለፈውን አያርምምና።

እንግዲህ ሽማግሌዎች ገንዘብ ሲጠየቁ አራት ነገር ይጠይቁ፦ መዝገቡ ተገልብጧልን? ራሙ ተመርምሯልን? ፍጥነቱ ወደ ልኩ ተመልሷልን? የወረቀቱ መዝገብ አለን? የአራቱ መልስ ሳይገኝ መዋጮ አይውጣ። መምህሩም የወረቀቱን መዝገብ ኮምፒውተር መጣ ብሎ አይጣል፤ የሚያመሳክርበት እርሱ ነውና።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ራምና ሃርድ ዲስክ በምን ይለያያሉ? መብራት ሲጠፋ እያንዳንዱ ምን ይሆናል?
2. 3200 የተባለው ራም ከበሮው በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ይመታል? ስለ ምን 3200 ተባለ?
3. 93 በእጥፍ ስፍራዎች እንዴት ይጻፋል? የ64 ስፍራ ቢጠፋ ስንት ይቀራል?
4. በጧት ደኅና የሠራ ኮምፒውተር በቀትር ስለ ምን ይታወካል? በታንኳው ምሳሌ አስረዱ።
5. ፍጥነቱ ከተቀነሰና ምርመራው ደኅና ከሆነ በኋላ መምህሩ ምን ሥራ ይቀረዋል?